ቁጥር መካሪ እንጂ ፈራጅ አይሁን

ስለ አሜሪካ የቅርጫት ኳስ በማሰላስልበት ጊዜ ሁሉ፣ የቁጥር ጥበብ በባለሙያዎቹ ሊግ በኤንቢኤና በዩኒቨርሲቲዎች ውድድር ያለው ሥልጣን እኩል አለመሆኑን እረዳለሁ። በኤንቢኤ እያንዳንዱ ቡድን በመደበኛው የውድድር ዘመን 82 ጊዜ ስለሚጋጠም፣ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮም በየአዳራሹ የተተከሉት ካሜራዎች የኳሱንና የተጫዋቾቹን እንቅስቃሴ ስለሚመዘግቡ፣ ሊቃውንቱ ከድግግሞሹ ብዛት ሥርዓት ማውጣት ይቻላቸዋል፤ ሂውስተን ሮኬትስም በ2017–18 ከሁለት ነጥብ ይልቅ የሦስት ነጥብ ሙከራን በማብዛት በሊጉ ታሪክ ቀዳሚ የሆነው በዚሁ ስሌት ተመርቶ ነው።

በዩኒቨርሲቲ ግን ግጥሚያው ጥቂት፣ የተጋጣሚዎቹ ኃይል እጅግ የተራራቀ፣ ተጫዋቾቹም በየዓመቱ ተለዋዋጮች በመሆናቸው፣ ኬን ፖመሮይን የመሰሉ ተመራማሪዎች ውጤቱን በተጋጣሚው ብርታትና በጨዋታው ፍጥነት እያረሙ ቢመዝኑትም፣ በ2018ቱ የዩኒቨርሲቲዎች ውድድር በ16ኛነት የተመደበው የዩኤምቢሲ ዩኒቨርሲቲ ቡድን በአንደኛነት የተመደበውን ቨርጂኒያን 74 ለ 54 ድል እንደ ነሣ፣ አንዲት ሌሊት የወራትን ስሌት ልትሽር ትችላለች።

ስለዚህ የዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ ቁጥርን እንደ ታማኝ መካሪ ያድምጥ፤ ነገር ግን ገና በማደግ ላይ ያለ ወጣት ጠባዩና ተስፋው በሠንጠረዥ ተመዝኖ የሚያልቅ አይደለምና፣ የመጨረሻውን ፍርድ ለመምህርነት ኅሊናው ያቆይ ዘንድ ከልብ እማጸናለሁ።