ሙግት ያቆየው ተከታታይ

ተከታታይ ድራማን የሚያቆየው ከአዲሱ ክፍል በኋላ የሚነሳው ሙግት ነው። በጊዜ ውስጥ ስለሚጓዝ ገጸ ባሕርይ የሚተርከው የቢቢሲው «ዶክተር ሁ» እ.ኤ.አ. በ1963 ተጀምሮ በ1989 ቢቋረጥም ወዳጆቹ ክርክሩን አልተዉም፤ በ2005 የመለሰው ደራሲ ራስል ቲ ዴቪስም ከልጅነቱ ጀምሮ ከእነሱ አንዱ ነበር። «ለፈጠራ ጉሮሮ ማድረቅ ምን ይረባል?» የሚል አይጠፋም። ሆኖም ዋናው ተዋናይ በ1966 ተለውጦ ገጸ ባሕርዩ ሲቀጥል ተመልካች የገጠመው ጥያቄ ከባድ ነው፦ መልኩም ጠባዩም የተለወጠ ሰው ያው ሰው ነው? ሚኤሶ ከተማ ላይ ከሰዓት በኋላ ጫት ለመቃም በርጫ የተቀመጠ ሰው እንዲህ ያለውን ጥያቄ አይንቅም፤ አንዱ ሐሳብ ይጥላል፣ ሌላው ያነሳል፣ ሦስተኛው ማስረጃ ይጠይቃል። ሙግቱ ወደ ስድብ ሊወርድ መቻሉ እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን ሥርዓት እንጂ ዝምታ አይደለም። የእኛም ድራማ ደራስያን ተሟጋች ተመልካችን ሊያከብሩት ይገባል፤ የሚከራከረው ስለወደደ ነውና።