ሂደትና ይዘት

ሰው አብዝቶ የሚያዝነው አብዝቶ በወደደው ነገር ነው። ያልተጠበቀ እንግዳ ቢቀር ማንም ደጅ ደጁን አያይም፤ የተጠበቀው ሲቀር ግን እራቱ ይቀዘቅዛል፥ የቤቱም ሰው ዝም ይላል። በሙዚቃም ነገር እንዲሁ ነው። ከአንድ ባለሙያ እጅ ብዙ ደስታ ያገኘ ሰው፥ ያው ባለሙያ አዲስ ሥራ አወጣ ሲባል ሰምቶ በተስፋ ቢያዳምጠውና ባዶ ሆኖ ቢያገኘው፥ የሚያዝነው ስለ ከፈለው ገንዘብ አይደለም፤ የሚያውቀውን ወዳጅ ስላጣ ነው።

እንዲህ ያለ ኀዘን ያገኘው አንድ የጋይንት ተወላጅ አለ። በልጅነቱ ደበሎ ለብሶ፥ አኮፋዳ አንግቶ፥ ቁራሽ እየለመነ በቤተ ልሔም ድጓ ተምሯል፤ ነገር ግን ሳያስመሰክር ትምህርቱን ትቶ አዲስ አበባ ገባና በአንድ መሥሪያ ቤት በጸሓፊነት ተቀጠረ። ከዚያ ወዲህ የዜማ ነገር በፊቱ ሲነሣ ጨዋታውን ወደ ሌላ ይመልስ ነበር። ምክንያቱንም ለማንም አልተናገረም።

አንድ ማታ የእኅቱ ልጅ፥ የኤሌክትሪክ ጊታር የሚወድ ጐልማሳ፥ ሄቪ ሜታል ከሚባለው የፈረንጅ ሙዚቃ ወገን አንዱን አሰማው። ሰውዬው ጩኸት ብቻ መስሎት ፊቱን አዙሮ ነበር፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ጆሮውን መለሰ።

«ስንት ሰዎች ናቸው የሚመቱት?» ብሎ ጠየቀ።

«አንድ ሰው ብቻ ነው፥ አጎቴ» አለው ልጁ።

የተሰማው ኤዲ ቫን ሄለን በ1978 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ኢራፕሽን» ነበር። ርዝመቱ 1 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ ብቻ ነው። በመጨረሻው ክፍል ላይ መቺው የቀኝ እጁን ጣት ወደ ጊታሩ አንገት አምጥቶ፥ ግራ እጁ በሚሠራበት በዚያው አውታር ላይ መታ መታ ያደርጋል፤ ስለዚህ ድምፁ ከሁለት ሰው እጅ የሚወጣ ይመስላል። ፈረንጆች እንዲህ ያለውን እጅግ የፈጠነ የጊታር አመታት ሽረድ ይሉታል። ነገሩ ከጥንት የመጣ ነው፤ ጣሊያናዊው ኒኮሎ ፓጋኒኒ በ1820 እ.ኤ.አ. ለአንድ ቫዮሊን ብቻ ያሳተማቸው 24 ድርሰቶች እስከ ዛሬ ድረስ የባለሙያ መፈተኛ ናቸው። ስዊድናዊው ኢንግቬይ ማልምስቲን ያንኑ የፓጋኒኒን መንገድ ወደ ኤሌክትሪክ ጊታር አምጥቶ በ1984 እ.ኤ.አ. «ራይዚንግ ፎርስ» የተባለውን አልበም አወጣ፤ ብዙዎች ጐልማሶችም ተከተሉት።

ሰውዬው በዚህ ሙዚቃ የተማረከው አዲስ ስለ ሆነበት አልነበረም፤ ይልቁንም የቆየ ነገር ስላስታወሰው ነው። በድጓው ቃል ራስ ላይ በቀጭን ብርዕ የተጻፉት ምልክቶች ትዝ አሉት። ይዘት ድምፅን ይይዛል፥ ሂደት ያስኬዳል፥ ድፋት ዝቅ ያደርጋል፥ ቁርጥ ይቆርጣል፥ ርክርክም እንደ ነጠብጣብ ያከታትላል። የዜማው አባት ቅዱስ ያሬድ መሆኑን፥ ምልክቶቹንም በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፥ ከ1540 እስከ 1559 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ፥ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ማበጀታቸውን ሊቃውንት ይተርካሉ። ቆማ፥ አቻብር፥ ተጉለት እየተባሉ በየአገሩ የሚጠሩ የዜማ ስልቶች አሉ፤ የቤተ ልሔም ግን ከሁሉ ይልቅ ተስፋፍቷል። በሌላ አገር ድጓ የተማረም ሰው መምህር ለመሆን ሲፈልግ ወደ ቤተ ልሔም ሄዶ ያስመሰክራል።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ትምህርት የቀመሰ ጆሮ የጣትን ፍጥነት ሲሰማ የሚሰማው ፍጥነቱን ብቻ አይደለም። ከፍጥነቱ በስተኋላ ያለውን ሌሊት፥ ብርዱን፥ አንዱን ቃል መቶ ጊዜ መመላለሱን አብሮ ይሰማል። የደከመ ሰው የሌላውን ድካም ያውቃል፤ ደስታውም ከዚህ የተነሣ ነበር።

ከዚያ በኋላ አጎትና የእኅት ልጅ አብረው ማዳመጥ ልማድ አደረጉ። ልጁ ሜታሊካ የተባሉትን ሙዚቀኞች የቀድሞ ሥራ አሰማው፤ ሰውዬውም የጊታረኛውን የኪርክ ሃሜትን የብቻ ጨዋታ ወደደ። በ2003 እ.ኤ.አ. ያወጡትን «ሴንት አንገር» የተባለውን አልበም ሲያዳምጥ ግን ያንን የብቻ ጨዋታ ከዳር እስከ ዳር ቢጠብቀው አላገኘውም። ሙዚቀኞቹ ሆን ብለው ትተውት ነበርና። ከበሮውም እንደ ባዶ ቆርቆሮ ይጮኻል። በዚህ አልበም ምክንያት በዓለም ዙሪያ ያዘኑት ወዳጆቻቸው ብዙ ናቸው፤ በ2008 እ.ኤ.አ. በወጣው አልበማቸውም የብቻውን ጨዋታ መልሰው አምጥተዋል።

ሰውዬው ከዚህ የተነሣ የሙዚቃው ነፍስ ፍጥነቱ ነው ብሎ ሊደመድም ጥቂት ቀርቶት ነበር። ነገር ግን ልጁ ሌሎች አልበሞች አመጣለት፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጣት የሚሮጥባቸው፥ አንድ ጊዜ እንኳ ትንፋሽ የማይሰጡ ነበሩ። እነዚህንም ባዳመጠ ጊዜ ያው ኀዘን ተሰማው። ፍጥነት በሌለበት አዘነ፤ ፍጥነት ብቻ በሆነበትም አዘነ። እንግዲህ የሚፈልገው ምን ኖሯል? ይህን ጥያቄ ለብዙ ቀን ሲያሰላስለው ከረመ፤ ሲያሰላስለውም ለማንም ያልተናገረው ነገር በልቡ ተነሣበት።

በቤተ ልሔም ሳለ ድምፁ መልካም ነበረ። ጓደኞቹ ስለ ድምፁ ያደንቁት ነበር፤ እርሱም መደነቁን ለመደ። መምህሩ ግን በዚያ ጊዜ አርጅተው ድምፃቸው ተሰብሮ ነበርና ከፍ ያለውን ዜማ አይደርሱበትም፤ መንገዱን በእጃቸው እያመለከቱ ያስተምሩ ነበር። የመመስከሪያው ቀን በቀረበ ጊዜ በፊታቸው ቆሞ ሲያዜም፥ ይዘት ባለበት ቦታ ድምፁን መያዝ ሲገባው፥ ማማሩን ሊያሳይ ከራሱ ርክርክ ጨመረበት። መምህሩ በመቋሚያቸው መሬቱን መታ አድርገው አስቆሙት።

«ልጄ፥ እዚህ ላይ የጨመርኸው የማን ነው?» አሉት።

«የኔታ፥ እንዲያምር ብዬ ነው።»

«አምሯል፤ ነገር ግን ያማረው ድምፅህ ነው። ዜማው የት ሄደ? ከመጀመሪያው ጀምር።»

ሦስት ጊዜ ጀመረ፥ ሦስት ጊዜም በዚያው ቦታ አስቆሙት። እርሱም ማዜም የማይችሉ ሽማግሌ ማዜም የሚችለውን ከለከሉት ብሎ በልቡ ናቃቸው፤ በማግሥቱም ሳይሰናበታቸው ወጣ። የተሸከመው ምስጢር ይኸው ነበር።

ይህ በልቡ ሲመላለስበት ሳለ ልጁ የጄሰን ቤከርን ታሪክ ነገረው። ይህ አሜሪካዊ በ1988 እ.ኤ.አ. «ፐርፔቹዋል በርን» የተባለውን አልበም ሲያወጣ ገና ወጣት ነበር፤ ፍጥነቱም የታወቀ ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ኤ.ኤል.ኤስ. የሚባል ነርቭን የሚገድል በሽታ እንዳለበት ታወቀ። እያደርም እጁንና እግሩን ማንቀሳቀስ፥ በአንደበቱም መናገር ተሳነው። አባቱ በዓይን እንቅስቃሴ ፊደል የሚያመለክትበትን ዘዴ አበጀለት፤ እርሱም ሙዚቃ መድረሱን አላቋረጠም። በ2018 እ.ኤ.አ. «ትራያምፈንት ሃርትስ» የተባለው አልበሙ ሌሎች ባለሙያዎች እየመቱለት ወጣ።

ሰውዬው ይህን ሰምቶ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ጣቱ የማይንቀሳቀሰው ሰው አሁንም ሙዚቀኛ ከሆነ፥ ሙዚቃው በጣቱ አልነበረም ማለት ነው። ድምፃቸው የተሰበረው መምህርም አንዲት ስሕተት ካላመለጠቻቸው፥ ዜማው በጉሮሯቸው አልነበረም ማለት ነው። ጣትና ጉሮሮ መልእክተኞች ናቸው፤ መልእክተኛው ፈጣን ቢሆን መልካም ነው፥ ባዶ እጁን ሲመጣ ግን ፈጥኖ መድረሱ ምን ይጠቅማል? መልእክት እያለ መልእክተኛውን ማስቀረትም እንዲሁ ጉድለት ነው። ያ አንደኛው አልበም መልእክተኛውን አስቀረ፥ እነዚያኞቹም መልእክቱን ረሱ። ሂደት ያለ ይዘት ሩጫ ብቻ ነው፤ ይዘትም ያለ ሂደት ካለበት አይነቃነቅም። የቀደሙት ሊቃውንት ሁለቱን በአንድ መስመር ላይ የጻፉት በከንቱ አልነበረም።

ክረምቱ ሲያልፍ ወደ ጋይንት ሄደ። መምህሩ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸው ነበርና ይቅርታ የሚጠይቀው ሰው አላገኘም። ሌሊቱን ከተማሪዎቹ ጎጆ አጠገብ ሆኖ ሲቀጽሉ አዳመጠ፤ በጨለማ ውስጥ አንዱ ሲሳሳት ሌላው ሲያቀና ያ የጥንቱ ዜማ ሳይለወጥ ይሰማ ነበር። በነጋ ጊዜ በወንበሩ ወደ ተተኩት መምህር ቀርቦ እጅ ነሣና አንዲት ገጽ ብቻ እንዲያደምጡት ለመነ። እሳቸውም ፈቀዱለት።

ያንኑ ያቆመበትን ገጽ አዜመ። በዕድሜ ብዛት ድምፁ ሻክሮ ነበር፤ ከፍ ባለው ቦታ ላይም ተሰበረበት። ወደ ይዘቱ በደረሰ ጊዜ ግን ምንም ሳይጨምር ያዘው። ተማሪዎቹ አልተደነቁም፤ የሚደነቅ ነገርም አልነበረበትም። መምህሩ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው ላይ አጋድመው፥ ዓይናቸውን ጨፍነው፥ እስከ መጨረሻው ድረስ ሳያስቆሙት አደመጡት።