የአሚና ጭቃ

ቀለሙ ውድ ነው፣ ካሜራው ደግሞ ተበላሸብኝ የምትለኝ ወንድሜ፣ እስቲ በአሜሪካ የኮሎምበስ ከተማ አርቲስት የነበረችውን አሚና ሮቢንሰንን ላጫውትህ። የተወለደችው በ1940 እ.ኤ.አ. ሲሆን ያደገችው ፖይንዴክስተር ቪሌጅ በሚባል የሕዝብ መኖሪያ ሰፈር ነው። ጭቃን ከአሳማ ስብ፣ ከሙጫ፣ ከኖራና ከማቅለሚያ ጋር መለወስ ያስተማራት አባቷ ነው፤ ቅይጡን «ሆግሞግ» ይሉት ነበር። በቅይጡ ታንጽ፣ ትስል ነበር። ቁልፍ ብትል፣ ብጣሽ ጨርቅ ብትል፣ ጭራሮ ብትል፣ እጇ የገባውን ሁሉ ትሰፋው፣ ትለጥፈው ነበር። አንዳንዱን ሥራ ለዓመታት ስትጨምርበት ትኖር ነበር።

ድህነት ጥበብን ይወልዳል የሚሉህን ግን አትስማ። አሚና ለረጅም ዓመታት በከተማዋ የመናፈሻና መዝናኛ መሥሪያ ቤት ሥነ ጥበብ እያስተማረች ደመወዝ ትበላ ነበር። ጭቃው ጊዜ ያገኘው፣ በእኔ እምነት፣ እንጀራዋ በዚያ ስለተሸፈነ ነው። ትልቁ የማክአርተር ሽልማት እኮ የደረሳት በ2004፣ በ64 ዓመቷ ነው!

በ2015 ስታርፍ ቤቷንና ሥራዎቿን ለኮሎምበስ የሥነ ጥበብ ሙዚየም አወረሰች። ዛሬ በዚያ ቤት ጥቁር አርቲስቶች ተቀምጠው ይሠሩበታል። ለአንተም ካሜራው ይጠገንልህ፤ ከሁሉ በፊት ግን የወር ደመወዝ ያለው እንጀራ ይስጥህ።