የሌሊት ጋላቢ በፎገራ ሜዳ

ሐሙሲት ከባሕር ዳር ወደ ወረታ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። ከሐሙስ ገበያ አምሽቶ የሚመለስ ብስክሌተኛ በአስፋልቱ ላይ እስካለ ድረስ ጨለማው ብዙም አያስፈራውም። ፈተናው የሚጀምረው ጎማው ወደ ፎገራ ሜዳ የእግር መንገድ ሲታጠፍ ነው።

የሜዳው አፈር ዋልካ ነው፤ በክረምት ከጎማ ጋር ተጣብቆ አላላውስ ይላል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ መንገዱን ካቋረጠ ጋላቢውን ያነጥረዋል፤ በመንገዱ ርዝመት ከሄደ ግን የፊት ጎማውን ይውጠዋል። ቀን ይህን ዓይን ይለየዋል፤ ሌሊቱን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው ግን ተስፋውን በዲናሞው ላይ ይጥላል። ዲናሞ ደግሞ ከጎማው ጋር እየተፋተገ የሚሠራ ነውና የሚያበራው ለፈጣን ነው። ጋላቢው ተጠራጥሮ ዝግ ባለ ቁጥር ብርሃኑም አብሮት ይደክማል፤ ማየት እጅግ በሚያስፈልግበት ሥፍራ ላይ ይጨልማል። ምን ዓይነት ፍርድ ነው! የዛሬው የባትሪ መብራት ይህን ቢያቃልልም፣ ከክቡ ውጭ ያለውን ሜዳ በጥቁር ግድግዳ ያጥረዋል።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ ተራሮች ላይ ወጣቶች በአሮጌ ብስክሌት ቁልቁል መንደርደርን ስፖርት አደረጉት። ገረመው ደንቦባም በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ 25ኛ ሲወጣ ከጨለማ ጋር አልታገለም። በፎገራ ግን ጉዞው ጨዋታም ውድድርም አይደለም፤ ቤት መግቢያ ነው።

ጨረቃ በሞላችበት ሌሊት መንገዱን የለመደ ጋላቢ መብራቱን ያጠፋል። ያን ጊዜ ዋልካው ግራጫ፣ ስንጥቁ ጥቁር ሆኖ ይታየዋል። ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ግን ወርዶ፣ የመንደሩ ውሻ እስኪጮህበት ድረስ ብስክሌቱን እየገፋ በእግሩ ይሄዳል።