የመኪናዬ በር

ገዳሪፍ እኖር በነበረበት ጊዜ አንዲት አሮጌ መኪና ነበረችኝ። ከተማይቱ ማሽላና ሰሊጥ በሚመረትበት ጥቁር አፈር ሜዳ ላይ ስለምትገኝ፣ በበጋ ወራት አቧራው የማይገባበት ቀዳዳ የለም። እኔም የበሩ ማጠፊያ ሲጥ ባለ ቁጥር፣ ሳላጸዳ በማጠፊያውና በመቆለፊያው ላይ የሞተር ዘይት አፈስ ነበር። ዘይቱም አቧራውን እየያዘ ጭቃ ሆነ።

በአንድ የሚያዝያ ቀን፣ ወደ ገላባት በሚወስደው መንገድ ላይ ቆመን ሳለ፣ የኋላው በር አልከፈት ብሎ ትንሹ ልጄ በዚያ ሐሩር መኪናው ውስጥ ቀረ። በፊተኛው በር ጎትቼ አወጣሁት። እሱም እምቢ ቢል ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር?

ከዚያ ወዲህ ማጠፊያውን አስቀድሜ በጨርቅ እወለውላለሁ፤ ጥቂት ግራሶ ቀብቼ በሩን ደጋግሜ ከከፈትሁና ከዘጋሁ በኋላ ትርፉን እጠርጋለሁ። በቁልፉ ቀዳዳ ግን አቧራ የማይሰበስበውን ደረቅ የግራፋይት ዱቄት እጨምራለሁ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ለካ ይህ ኖሯል።