የደረቀው ሊጥና የልጄ ስኒዎች

ጋዜጣ ወደ ማተሚያ ቤት በሚገባበት ሳምንት የምትሠራ እናት ቤቷ የምትደርስበትን ሰዓት አስቀድማ መናገር አትችልም። እኔም በዚያ ሳምንት ሦስት ቀን በተከታታይ አምሽቻለሁ። በሦስተኛው ቀን፣ ሐሙስ መሆኑ ነው፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል አልፎ በሩን ስከፍት እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ ሶፋው ላይ አሸልባለች። አምስት ዓመት ያልሞላት ልጄም ከተኛች ቆይታለች።

ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው ጠረጴዛው ላይ ነው። አራቱ የመጫወቻ ሊጥ ጣሳዎች ክዳናቸው ወልቆ ተዘርግተዋል። ልጆቻችን ፕሌይ ዶ የሚሉትን፣ ባለቀለሙን ሊጥ ማለቴ ነው። የባለቤቴ እኅት ከውጭ አገር ስትመጣ ያመጣችላት ሲሆን፣ እዚህ እንግዛው ብንል ኪስ የሚጎዳ ነው። ሰማያዊው ቅርፊት አብጅቷል፤ ቢጫው እንዳደረ ቂጣ ተሰነጣጥቋል፤ በሳህን ላይ የተደረደሩት ቁርጥራጮች ደግሞ እንደ ጠጠር ደርቀዋል። እውነቱን ልናገርና ተናደድኩ። «ዕቃ መያዝ የማታውቅ ልጅ!» እያልኩ ለብቻዬ አጉረመረምኩ።

ከዚያ በኋላ ግን ሙያዬ ትዝ አለኝና እጄን ታጠብኩ። ይህ ሊጥ በመሠረቱ ከእኛ ማድ ቤት ሊጥ ብዙም የራቀ አይደለም። ዋናው ነገሩ ዱቄት፣ ውሃና ጨው ነው። የሚደርቀውም ውሃው ስለሚተንና ጨውና ዱቄቱ ብቻ ስለሚቀር ነው። እንዲያውም አጀማመሩ ለልጆች አልነበረም። በአሜሪካ በሲንሲናቲ ከተማ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1930ዎቹ የድንጋይ ከሰል ጥላሸትን ከግድግዳ ወረቀት ላይ ለማንሻ ይሸጥ ነበር። ሰው ቤቱን በጋዝ ማሞቅ ሲጀምር ጥላሸቱም ገበያውም ቀነሰ። በኋላ አንዲት የሕፃናት መምህርት ለተማሪዎቿ ሰጥታ ስትሞክረው ልጆቹ ወደዱትና በ1956 መጫወቻ ሆኖ ገበያ ላይ ዋለ። የመምህሯ ስም ኬይ ዙፋል ነው። ማጽጃውን መጫወቻ ያደረገችው ከሕፃናት ጋር የምትውል ሴት መሆኗ አያስደንቀኝም።

እንግዲህ የጠፋው ውሃ ከሆነ መመለስ ያለበትም ውሃ ነው። ስሕተቱ የሚመጣው በአንድ ጊዜ ስንደፋበት ነው፤ ላዩ ይላቆጥና ውስጡ ድንጋይ እንደሆነ ይቀራል። እኔ እንዲህ አደረግሁ። ከላይ ብቻ የደረቀውን ሰማያዊ በትንንሹ ቆራርጬ፣ እጄን እያራስኩ አሸሁት። ውሃ የጨመርኩለት በሻይ ማንኪያ፣ ያውም ግማሽ ግማሽ እያደረግሁ ነው። እጅ ላይ ሲጣበቅ ውሃው በዝቷል ማለት ነውና ጥቂት አየር እስኪያገኘው ማቆየት ወይም ቆንጥር ዱቄት መነስነስ ነው። ሲያበቃ ሁለት ጠብታ ዘይት መዳፌ ላይ አድርጌ ደጋግሜ አሸሁትና ለሰለሰ። ቢጫው ግን በዚህ አልተበገረም። እሱን ሰባብሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለልኩና በፌስታል ቋጥሬ አሳደርኩት፤ ሌሊቱን ሙሉ እርጥበቱን ቀስ እያለ ይጠጣል። እናቴ የዳቦ ሊጥ እንዳይደርቅባት እርጥብ ጨርቅ የምታለብሰው ለዚህ አይደል!

በሳህኑ ላይ የነበሩት ቀጫጭን ቁርጥራጮች ደግሞ በጭራሽ በእጅ አልሰበር አሉ። የነጭ ሽንኩርት ሙቀጫዬን አወጣሁ። እንደ በርበሬ ወቅጬ፣ ውሃ አርከፍክፌ፣ ከቢጫው ጋር ቋጠርኳቸው። ይህን ያህል የደረቀ ሊጥ ቢለሰልስም ጨዉ እንደ አሸዋ እየሻከረ እንደ በፊቱ አይሆንም፤ ቢሆንም ከመጣል ይሻላል አልኩ። ወደ መኝታዬ ስሄድ 5 ሰዓት ሆኗል፤ ደስ ብሎኛል፤ ለዚህ አምድ የሚሆን ጽሑፍም አገኘሁ ብዬ ነበር።

ጠዋት ልጄ ከአልጋዋ ወርዳ በቀጥታ ወደ ጠረጴዛው ሄደች።

«እማዬ፣ ስኒዎቼስ?»

«የምን ስኒ?»

አልመለሰችልኝም። ባዶውን ሳህን ብቻ ታየዋለች። እናቴ ከማድ ቤት ብቅ አለችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። ማክሰኞ ማታ ስድስት ስኒና አንዲት ጀበና ሠርታ፣ «እማዬ ስትመጣ አሳያታለሁ» ብላ ጠብቃኝ እንቅልፍ ወሰዳት። ረቡዕም ጠበቀች። ሐሙስም ጠበቀች። «እቴቴ፣ እማዬ ሳታየው እንዳትነኪብኝ» ስላለቻት እናቴ ጠረጴዛውን አልነካችም፤ ጣሳዎቹም ክፍታቸውን የቀሩት ለዚሁ ነው።

በሙቀጫ የወቀጥኩት ጀበናዋን ነበር።

ይቅርታ ጠየቅኋት። ለአምስት ዓመት ልጅ ይቅርታ መጠየቅ የሚከብዳቸው ወላጆች እንዳሉ አውቃለሁ፤ እኔ ግን የከበደኝ ሌላ ነው። «ደግሞ እንሠራለን፣ እነሆ ለስልሷል» ብዬ ቢጫውን ሊጥ ሳቀብላት ተቀበለችኝ፤ ጨመቀችው፤ መልሳ ጣሳው ውስጥ ከተተችው። «ዛሬ በጊዜ ትመጫለሽ?» አለችኝ። ቀኑ ዓርብ ነው፤ ጋዜጣው ታትሞ ወጥቷል። እመጣለሁ አልኳት፤ መጣሁም። የሚቀጥለው ሳምንትስ ብትለኝ ኖሮ የምመልሰው አልነበረኝም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስታችንም ማድ ቤት ገባን። ቢጫው ሊጥ ሻክሮ ስለነበር አዲስ እንሥራ አልን። ለምትሞክሩት እናቶች መጠኑን ልንገራችሁ፤ ሁለት ኩባያ የፉርኖ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ጨው፣ ሁለት ኩባያ ውሃ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ። አንድ ላይ በጥብጦ በመካከለኛ እሳት ላይ እንደ ገንፎ ማማሰል ነው፤ ከድስቱ መላቀቅ ሲጀምር ይወጣል፤ ሲቀዘቅዝ ይታሻል። ለቀለሙ የቀይ ሥር ውሃና እርድ ተጠቀምን (እርዱ ከነጠላ ላይ አይለቅምና ተጠንቀቁ)። ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ ሆኖ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢቀመጥ ለሳምንታት ይቆያል። ሻጋታ ካወጣ ወይም ከሸተተ ግን ማለስለስ አያስፈልግም፤ መጣል ነው። ጨው የበዛበት ስለሆነም ሁሉን ወደ አፉ ለሚከት ሕፃን አይሰጥም፤ ስንዴ የማይስማማው ልጅ ያለባትም እናት ትተወው።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ይህን ስነግራት «የእኛስ ቤት ውሃ ቢነካው ጭራሽ እየተንሸራተተ አስቸገረኝ» አለችኝ። የእሷ ልጅ የሚጫወትበት ፕላስቲሲን የሚባለው ዘይት ነክ ዓይነት ነው። እሱ ውሃ ስለሌለው አይደርቅም፤ ብርድ ነው የሚያጠነክረው። በፌስታል ቋጥሮ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ማቆየትና በእጅ ሙቀት ማሸት ይበቃዋል።

እናቴ ያን ቀን ሊጡን እያሸች እሷ በልጅነቷ ወንዝ ዳር በሬና ጀበና በጭቃ ትሠራ እንደነበር አጫወተችን። ጭቃው ሲደርቅባቸው ወንዙ ቅርብ ስለነበር ማንም አያዝንም ነበር አሉ። ልጄ አፏን ከፍታ ሰማቻት። ከዚያም ከቀይ ሥር ቀለሙ ቆንጥራ አዲስ ጀበና ጀመረች፤ እጀታዋን ያስገባሁላት እኔ ነኝ።

ጀበናዋ አሁን ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጣለች። ደርቃለች፤ አንገቷ ላይ ተሰንጥቃለች፤ አፏም ተሸርፏል። ትናንት ማታ አንሥቼ ሳያት ልጄ ከሶፋው ላይ፣ «እማዬ፣ እሷን እንዳታለሰልሻት» አለችኝ።