መኪና ስንከራይ ስለ ዋስትናው ጠይቀናል ወይ?

ከመርካቶ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚያቀና መንገደኛ ኮልፌን መርገጡ አይቀርም። በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ውስጥም ከጦር ኃይሎች ወደ ዊንጌት የሚወስደው የቀለበት መንገድ የሚያልፍበት፣ ታክሲ የሚጠበቅበት፣ ቀጠሮ የሚያዝበት አንድ ሰፈር አለ። 18 ማዞሪያ ይባላል። ገና ሳይነጋ የታክሲ ረዳቶች «ዊንጌት! ጦር ኃይሎች! መርካቶ!» እያሉ ይጣራሉ። ወደ ሥራ የሚጣደፈው ሠራተኛ፣ ልጅዋን በአንድ እጅዋ ዘንቢልዋን በሌላው የያዘች እናት፣ ደብተሩን በብብቱ የሸጎጠ ተማሪ እየተጋፉ ይሳፈራሉ። በአጠና ተራ በኩል የባሕር ዛፍ አጠና የተቆለለበት ሽታ ከጢሱና ከአቧራው ጋር ተቀላቅሎ ይመጣል።

የዚህ ሰፈር አቀማመጥ ለመንገደኛ የተመቸ ነው። በዊንጌትና በአስኮ በኩል የወጣ ሰው ቡራዩንና ሆለታን አልፎ ወደ አምቦ ይደርሳል። በጦር ኃይሎችና በአየር ጤና በኩል የወጣ ደግሞ በሰበታ አድርጎ የጅማን መንገድ ይይዛል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡር የምዕራብ መጨረሻም እዚያው ጦር ኃይሎች ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ የመኪና ነው። ስለዚህ የኮልፌ ቤተሰብ ለሠርግ፣ ለተዝካር፣ ለክርስትና ወይም ለለቅሶ ወደ ገጠር በሚሄድበት ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄ «መኪና ከየት እንከራይ?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ስንት ነው?» ይሆናል። ሦስተኛ ሆኖ መጠየቅ የሚገባው ግን ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ ይቀራል። ይኸውም መኪናው አደጋ ቢደርስበት ወይም ቢያደርስ ዕዳው በማን ላይ ይወድቃል? የሚለው ነው።

ውድ አንባብያን፣ ይህን ጥያቄ በዚህ ዓምድ ለማንሣት ያነሣሣን በማዞሪያው አካባቢ ነዋሪ የሆኑ፣ ስማቸው እንዳይገለጽ የጠየቁን የአምስት ልጆች እናት ያጫወቱን ነገር ነው። እኚህ እናት የወላጅ እናታቸውን ተዝካር ለማውጣት ቤተሰቡን ይዘው ወደ ሆለታ አካባቢ መሄድ ነበረባቸው። ከልጆቻቸው አንዱ መንጃ ፈቃድ ስላለው የሾፌሩን ወጪ ለማዳን ሲሉ በደላላ አማካይነት የአንድ ግለሰብ የቤት መኪና ያለ ሾፌር ተከራዩ። ውሉ ግማሽ ገጽ ነበር። ዋስ ሆነው የፈረሙትም እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

በመመለሻቸው ቀን ዝናብ ይጥል ነበር። መንገዱ አንሸራቶአቸው መኪናዋ ከቆመ የጭነት መኪና ኋላ ገባች። «ፈጣሪ ይመስገን፣ ሰው አልተጎዳብንም» ይላሉ። የመኪናው ባለቤት ሲያከራያቸው «ሙሉ ኢንሹራንስ አለው፤ አትጨነቁ» ብሎአቸው ነበር። እውነትም ነበረው። ይሁን እንጂ የመድን ውሉ የተገባው ለግል መጠቀሚያ እንጂ ለኪራይ ስላልነበረ መድን ሰጪው ድርጅት አልከፍልም አለ። ባለቤቱም የጥገናውን ወጪና መኪናዋ ጋራዥ የቆመችበትን ጊዜ አስልቶ፣ ፊርማቸውን ይዞ ከደጃቸው መጣ። ሁለት ዓመት የጠበቁት ዕቁብ የወጣው በዚያ ወር ነው። ገንዘቡ ለቤት ጣሪያ ተብሎ የታሰበ ቢሆንም ለጋራዥ ከፈሉት። «ኪራዩን ተከራክሬ በቀን 200 ብር አስቀንሻለሁ። ስለ ወረቀቱ ግን አንድ ቃል አልጠየቅሁም» ሲሉ አጫውተውናል።

ታዲያ የጠየቀ ሰው ምን ብሎ መጠየቅ አለበት? ይህን ለመመለስ በመጀመሪያ የመድንን ዓይነቶች ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

በአገራችን በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 559 ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሳይኖረው በመንገድ ላይ እንዳይንቀሳቀስ ደነገገ። በፊት መስታወት ላይ ተለጥፎ የምናየው ወረቀት የዚህ ምልክት ነው። ብዙዎቻችን ወረቀቱን ስናይ መኪናው በሙሉ ዋስትና ያለው ይመስለናል። ግን አይደለም። የሦስተኛ ወገን መድን የሚጠብቀው በመኪናው የሚጎዳውን የውጭ ሰው ነው። እግረኛ ቢገጭ፣ የሰው አጥር ቢፈርስ፣ የሌላ ሰው መኪና ቢጎዳ ለእነዚህ ይከፍላል። እናንተ የተከራያችሁትን መኪና ግን አያስጠግንም።

ክፍያውም ጣሪያ አለው። አዋጁ ሲወጣ ለሞት የሚከፈለው ካሣ ከ5,000 ብር የማያንስ ከ40,000 ብር የማይበልጥ፣ ለንብረት ጉዳት ደግሞ እስከ 100,000 ብር እንዲሆን ነበር የተወሰነው። ዛሬ በከተማችን ጎዳና ላይ የሚሄዱትን መኪናዎች ዋጋ ለሚያውቅ ሰው፣ ከጣሪያው በላይ የሚተርፈው ዕዳ ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ስለዚህ በምትከራዩበት ቀን ጣሪያው ስንት እንደ ደረሰ መጠየቅ ተገቢ ነው። ይኸው አዋጅ የተጎዳ ሰው አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝም አዘዘ። መድን በሌለው ወይም ገጭቶ ባመለጠ መኪና የተጎዳ ሰው ደግሞ ከመድን ፈንድ ካሣ የሚያገኝበትን መንገድ ከፈተ። እናቶች ይህን መብት ቢያውቁት ለራሳቸውም ለጎረቤትም ይጠቅማል።

ሁለተኛው በተለምዶ «ሙሉ ኢንሹራንስ» የምንለው ነው። ይህ መኪናው ራሱ ሲጋጭ፣ ሲገለበጥ፣ ሲቃጠል ወይም ሲሰረቅ የሚከፍል ሲሆን፣ የሚገዛው በባለቤቱ ፈቃድ እንጂ በሕግ ግዴታ አይደለም። ሙሉ ቢባልም በእርግጥ ሙሉ አይደለም። ከእያንዳንዱ ጉዳት ላይ መጀመሪያ ከኪስ የሚከፈል ድርሻ አለ። የመድን ሰዎች «ኤክሰስ» ይሉታል። ብዙ አከራዮች በውላቸው ላይ ይህን ድርሻ ወደ ተከራዩ ያዞሩታል። በመኪናው ውስጥ የተሳፈሩ ሰዎች ጉዳት «ፒ.ኤል.ኤል.» በሚባል ተጨማሪ ዋስትና፣ የሽፍታና የታጣቂ ጉዳት ደግሞ «ቢ.ኤስ.ጂ.» በሚባል ሌላ ዋስትና ለየብቻ ይገዛሉ። ስለዚህ «ሙሉ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን መልስ ሊሆን አይችልም። አያትና የልጅ ልጅ ጭኖ ወደ ገጠር የሚሄድ ቤተሰብ «ተሳፋሪዎቹስ ተካትተዋል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

ሕጉ ባለቤቱን ችላ ብሎ ተከራዩን ብቻ የሚይዝም አይምሰላችሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት ምንም ጥፋት ባይኖርበት እንኳ መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ሁለት መኪናዎች ሲጋጩም ጥፋቱ የአንደኛው ሾፌር መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር ሁለቱ በእኩል እንደ ተሳሳቱ ይቆጠራሉ። ዳሩ ግን ባለቤቱ ለውጭ ሰው የከፈለውን በውሉ መሠረት ከተከራዩ ለመጠየቅ መምጣቱ አይቀርም። ነገሩ የሚቆረጠው አስቀድሞ በተፈረመው ወረቀት ላይ ነው።

እንግዲህ ከመፈረማችሁ በፊት የሚከተሉትን ጠይቁ።

አንደኛ፣ መኪናው የመድን ውል የገባው ለኪራይ ነው ወይስ ለግል መጠቀሚያ? በቆየው የሰሌዳ አሠራር ኮድ 2 የግል፣ ኮድ 3 የንግድ መኪና ምልክት ነው። የግል ሰሌዳ ያለውን መኪና ደላላ «ለአንድ ቀን ብቻ» ብሎ ሲያመጣላችሁ እዚያው ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ።

ሁለተኛ፣ የመድን ውሉን ወረቀት በዓይናችሁ እዩ። የሚያበቃበት ቀን በጉዞአችሁ መካከል የሚውል መሆን አለመሆኑን ተመልከቱ። ፎቶ ኮፒውንም ያዙ።

ሦስተኛ፣ የሚነዳው ሰው በውሉ የተፈቀደለት ነው ወይ? መንጃ ፈቃዱ ለዚያ መኪና ዓይነት የሚሆንና ያልተቃጠለ መሆን አለበት። ያልተፈቀደለት ሰው ከነዳ ወይም ሾፌሩ ጠጥቶ ከተገኘ መድን ሰጪው አልከፍልም ለማለት በቂ ምክንያት ያገኛል። በሠርግ ቀን ይህን ማስታወስ ከሁሉ ይበልጣል።

አራተኛ፣ ከኪሳችን የምንከፍለው ድርሻ ስንት ነው? መኪናው ጋራዥ በሚቆምባቸው ቀናትስ ኪራይ ይቆጠርብናል? ስፖኪዮና ጎማ ቢሰረቅ ማን ይከፍላል? መልሱ በቃል ሳይሆን በውሉ ላይ ይጻፍ።

አምስተኛ፣ መኪናውን ስትረከቡ ዙሪያውን በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። የቆየ ጭረት በአዲስ ዋጋ እንዳይሸጥላችሁ ነው።

አንዳንድ አከራዮች በቀን ተጨማሪ ገንዘብ ከተከፈላቸው የተከራዩን ድርሻ ዝቅ ያደርጋሉ። ይህን ልግዛ ወይስ ልተው? ለምሳሌ ያህል እንበል። ለሦስት ቀን ጉዞ በቀን 400 ብር፣ በጠቅላላው 1,200 ብር ብትጨምሩ ድርሻችሁ ከ30,000 ብር ወደ 10,000 ብር ይወርዳል። ሰው ብዙ ጊዜ «አደጋ ይደርሳል ወይስ አይደርስም?» ብሎ ይጠይቃል። ይህን ግን ማንም ሊያውቅ አይችልም። የሚሻለው ጥያቄ «ቢደርስ 30,000 ብሩን ሳልበደርና ዕቃ ሳልሸጥ ልከፍል እችላለሁ ወይ?» የሚለው ነው። የሚችል ቤተሰብ ቢተወው ጉዳት የለውም። የማይችል ግን 1,200 ብሩን ከጉዞው ወጪ ጋር አብሮ ይቁጠረው። ገንዘቡ ካልተገኘ ከድግሱ ላይ አንድ ነገር መቀነስ ይሻላል።

ሾፌር ያለው ኪራይ ሌላው አማራጭ ነው። ሾፌሩ የባለቤቱ ሠራተኛ ስለሆነ በመኪናው ላይ የሚደርሰው ጉዳት እንደ ደንቡ የባለቤቱ ጉዳይ ይሆናል። የሾፌሩ አበል ውድ መስሎ ቢታይም ከጭንቀቱ ጋር ሲመዛዘን ብዙ ጊዜ ርካሹ መንገድ እሱ ነው።

ከውጭ አገር ዘመድ የሚመጣባችሁም ይህን ልብ በሉ። በአሜሪካ መኪና የሚከራይ ሰው ከጠረጴዛው ፊት ሲቆም ዋስትናውን እንዲገዛ ሠራተኛው ራሱ ደጋግሞ ይጠይቀዋል። እዚያ ያሉ ወገኖቻችን አብዛኛውን ጊዜ «የራሴ ኢንሹራንስ ይሸፍነዋል» ብለው ይመልሳሉ። ለዚያ አገር ልክ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የአሜሪካ የግል መኪና ኢንሹራንስ እንደ ደንቡ ከአሜሪካና ከካናዳ ድንበር አይሻገርም። ቦሌ ላይ የወረደ እንግዳ «እኔ አለኝ» ቢላችሁ ወረቀቱ እዚህ የሚሠራ መሆኑን አስቀድማችሁ አጣሩ። መንጃ ፈቃዱም እዚህ አገር ተቀባይነት ያለው መሆን አለበት።

በአገራችን የመድን ሥራ አዲስ ነገር አይደለም። በ1967 ዓ.ም. የግል መድን ድርጅቶች በመንግሥት ተወርሰው በተከታዩ ዓመት የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተቋቋመ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 86 ደግሞ ለግል ኩባንያዎች በሩን ከፈተ። ሆኖም ለብዙዎቻችን እናቶች መድን ማለት ዛሬም ዕድር ነው። ዕድር ድንኳን ይተክላል፣ ወንበርና ድስት ያቀርባል፣ ሐዘንተኛን ያጽናናል። የተከራየነውን መኪና ግን አያስጠግንም። ቢሆንም ሊያግዘን የሚችልበት መንገድ አለ። ለለቅሶና ለተዝካር መኪና የሚከራየው ብዙ ጊዜ ዕድርተኛው ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ ብቻውን ከደላላ ጋር ከሚከራከር፣ ዕድሩ ከታወቀ አከራይ ጋር ተነጋግሮ የመድኑን ነገር አንድ ጊዜ ቢያጣራና የውሉን ግልባጭ ከጸሐፊው ዘንድ ቢያስቀምጥ ሁሉም ይጠቀማል።

አደጋ ቢደርስ ግን፣ ከሁሉ በፊት ለተጎዳ ሰው ሕክምና ይፈለግ። ከዚያም የትራፊክ ፖሊስ ይጠራ፤ ፕላን እስኪነሣም ድረስ መኪናው ከቦታው አይነቃነቅ። ለአከራዩና ለመድን ሰጪው በዚያው ቀን ይነገር። «በሽምግልና እንጨርሰው» ብሎ ያለ ማስረጃ ከቦታው የሄደ ሰው ከመድን ሰጪው ፊት ባዶ እጁን ይቀርባል።

እኅቶቻችን፣ በብዙ ቤት ዋስ ሆና የምትፈርመው እናት ናት። ዕቁቡም ቁጠባውም በእጅዋ ስላለ ጎረቤቱም አከራዩም የሚያምነው እሷን ነው። ይህ ክብር ነው፤ ክብሩ ግን ዕዳ ይዞ እንዳይመጣ ከፊርማው በፊት ወረቀቱን ማንበብ፣ የማያነቡም ቢሆኑ ማስነበብ መብታቸው ነው። ደላላው «ቶሎ በሉ፣ ሌላ ተከራይ አለ» ቢል አትደናገጡ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላልና፣ ወረቀት ለማንበብ ጊዜ የማይሰጥ አከራይ ካጋጠማችሁ ወደ ሌላው መሄድ ይሻላል።